መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

በላሊበላ ከተማም ሆነ በላስታ ደጋ መንደሮች፥ ሳልና ትኩሳት የጠናበት ሰው የዋጠው እንክብል ሳያሽለው ሲቀር፥ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን የሚለምደው በአፍንጫውና በጉሮሮው ያደረው ረቂቅ ተሕዋስ እንጂ የሰውዬው ሥጋ አይደለም፤ መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲፈጅ የተረፉት ብርቱዎች ይራባሉና፥ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አንቲባዮቲክ ያልቀመሰ ሕፃን፥ መድኃኒት የማይበግረውን ባክቴሪያ ከታላቅ ወንድሙ ሳል ሊወርሰው ይችላል።

«ይህስ የከተሜ ጣጣ ነው፤ ፋርማሲ የሌለበት ተራራ ከዚህ ነጻ ነው» የሚሉም አሉ። የሳንባ ምችንና የማጅራት ገትርን ደዌ የሚያመጣው ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጠባዩ ከአገር አገር እንደሚለይ እርግጥ ነው፤ በቻይና አብዛኛው ኤሪትሮማይሲንንና ወገኖቹን ሲቋቋም፥ በሰሜን አውሮፓ ግን ተቋቋሚው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱን የሚያመጣው የምድሩ ከፍታ ወይም የአየሩ ብርድ ሳይሆን፥ በዋነኛነት መድኃኒቱ በሕዝቡ መካከል የተሰራጨበት መጠን ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በአማራ ክልል ትራኮማ የሰውን ብርሃን እንዳያጠፋ፥ ከኤሪትሮማይሲን ወገን የሆነው አዚትሮማይሲን፥ ሕዝቡ ዚትሮማክስ የሚለው፥ በዘመቻ ሲታደል ኖሯል። የዓይን መድኃኒት ቢባልም፥ የተዋጠ ነገር ዓይንን ብቻ መርጦ አይሄድምና በደም ተጕዞ አፍንጫንና ጉሮሮንም ያገኛል። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደገለጸው፥ መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ ለልጆች በተሰጠባቸው መንደሮች፥ ከ10 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ኒሞኮከስ አዚትሮማይሲንን የመቋቋሙ መጠን በአንድ ዓመት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ሲያድግ፥ ገና ባልታደለባቸው መንደሮች 9.2 በመቶ ነበር። በአንድ ወረዳ ውስጥ፥ አንድ ዝናብ በሚጠጡ ጎረቤታሞች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ከተገኘ፥ ስለ አገር አቀፍ አማካይ አኀዝ የሚነገረውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል።

«እንግዲያስ ዕደላው ጐጂ ነበር» ብሎ መፍረድም ችኰላ ነው፤ በዚያው ወረዳ መድኃኒቱን ባገኙት ልጆች ዘንድ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ታይቷል፤ በሌላ የኢትዮጵያ ገጠርም ዕደላው ከቆመ በኋላ ተቋቋሚነቱ በጉልህ እየወረደ ሄዷል። ደግሞም አዚትሮማይሲንን መቋቋም በራሱ ለሳንባ ምች የሚሰጠውን አሞክሳሲሊንን መቋቋም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ባክቴሪያውን የሚያጠቁበት ስልት የተለያየ ነው።

ተራራውም ቢሆን አጥር አይሆንም። ለልደት በዓል ከየአውራጃው ወደ ላሊበላው ቤተ ማርያም የሚጐርፉት ምእመናን፥ ከስንቃቸውና ከመቋሚያቸው ሌላ የያዙ ባይመስላቸውም፥ የየአገራቸውን ተሕዋስ በአፍንጫቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የላስታንም ይዘው ይመለሳሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጉንፋንን በአንቲባዮቲክ ማሳደድ ነው። ጉንፋን የቫይረስ ሕማም ነውና መድኃኒቱ አይነካውም፤ በጉሮሮ ያለውን ሌላውን ባክቴሪያ ግን ያለማምዳል። ጉንፋንን ከሳንባ ምች ለመለየት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቈጥራለች፤ ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን፥ ያን ጊዜ አሞክሳሲሊን ይገባዋል።