ጋሼዎቹና ወራሾቻቸው፦ የካሊፎርኒያ ፊሊፒናውያን

የካሊፎርኒያ ፊሊፒናውያን ታሪክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሁለት ይከፈላል። ቀድመው የገቡት በአብዛኛው ወጣት ወንዶች የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። በ1933 የግዛቲቱ ሕግ ከነጭ ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ፤ በ1934 የፌዴራሉ ሕግ የገቢውን ቁጥር በዓመት በ50 ወሰነ። ስለዚህ ብዙዎቹ ያለ ትዳር አረጁ። «ማኖንግ» ይባላሉ፤ በኢሎካኖ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው። በመስከረም 1965 በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት በዴላኖ የወይን እርሻዎች አድማ የመቱት እነርሱ ናቸው። በቀጣዩ ወር የጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ነርሶችን፣ ሐኪሞችንና ቤተሰቦችን አስገባ፤ የዛሬው ማኅበረሰብ በአብዛኛው ከእነዚህ የተገኘ ነው። ካሊፎርኒያ በ2013 የፊሊፒናውያኑ የትግል ታሪክ በሥርዓተ ትምህርት እንዲካተት መደንገጓ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ከአብራካቸው ያልወጣ ትውልድ ጋሼዎቹን የሚያውቃቸው በትምህርት ነውና።