«ዝም አይነቅዝም» የማይሠራበት ክፍል

አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ እየፈጠነ ነው። የካፒቴኑ ቀኝ እጅ የሞተሮቹን ኃይል የሚቆጣጠሩትን እጀታዎች ይዟል። ድንገት «ቪ-ዋን» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ካፒቴኑም እጁን ከእጀታዎቹ ላይ ያነሳል። አውሮፕላኑ ግን ገና መሬት ላይ ነው። ታዲያ ካፒቴኑ እጁን ለምን አነሳ?

የትምህርት ቤታችን የበረራ ሲሙሌሽን ክበብ የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ሲሙሌሽን ማለት እውነተኛውን በረራ በኮምፒውተር አስመስሎ መለማመድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጆይስቲክ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ከማብረራችን በፊት ግን በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የተቀረጹ የእውነተኛ በረራ ቪዲዮዎችን እናያለን። ወላጆቻችን ሊወስዱን ሲመጡ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?» ይሉናል። ይህ ጽሑፍ መልሳችን ነው።

በመጀመሪያ ወደ ካፒቴኑ እጅ እንመለስ። «ቪ-ዋን» የውሳኔ ፍጥነት ነው። አውሮፕላኑ እዚህ ፍጥነት ላይ ከመድረሱ በፊት ከባድ ችግር ቢያጋጥም ፍሬን ይዞ መቆም ይቻላል። ካለፈ በኋላ ግን የቀረው ማኮብኮቢያ ለማቆም ላይበቃ ስለሚችል፣ አንድ ሞተር እንኳ ቢጠፋ መነሳት ይሻላል። መንገደኛ ጫኝ አውሮፕላኖች አንድ ሞተር ቢጠፋባቸውም መነሳት እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ካፒቴኑ እጁን የሚያነሳው ደንግጦ ኃይሉን እንዳይቀንስ ነው። የውሳኔው ጊዜ አልፏልና እጁም ከዚያ ይርቃል። ይህ ፍጥነት ለእያንዳንዱ በረራ እንደ አውሮፕላኑ ክብደት፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ማኮብኮቢያው ርዝመት አስቀድሞ ይሰላል።

መጀመሪያ ላይ ቪዲዮዎቹን የምናየው ለዓይናችን ብቻ ነበር። የሚያበሩት መብራቶች፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለው ደመና፣ የሌሊት ከተማ ይማርኩን ነበር። ቆይተን ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ አብራሪዎቹ ብዙ ይነጋገራሉ፣ ንግግራቸው ግን ወሬ አይደለም። አንደኛው አብራሪ ሲያበር ሁለተኛው ይከታተላል። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ የሚከታተለው «ፖዚቲቭ ሬት» ይላል፤ ከፍታ መለኪያው መጨመሩን አይቻለሁ ማለቱ ነው። የሚያበረው «ጊር አፕ» ብሎ ጎማው እንዲታጠፍ ያዛል። የመጀመሪያው ቃል ሳይነገር ሁለተኛው አይመጣም። አንዱ ያያል፣ ይናገራል፤ ሌላው ሰምቶ ያረጋግጣል። በሌላ በኩል በመነሻና በማረፊያ ሰዓት ከበረራው ውጪ የሆነ ጨዋታ የለም። አሜሪካ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ ከ10,000 ጫማ ከፍታ በታች ሥራውን የማይመለከት ወሬ ተከልክሏል።

ይህን ሁሉ በጆሯችን ብንሰማም ልብ ያልነው ከደረሰብን በኋላ ነው።

የምንኖረው ናይሮቢ ስለሆነ ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበትን መንገድ እናውቀዋለን። ርቀቱ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከናይሮቢ እንደተነሱ ብዙም ሳይቆዩ የምድር ወገብን ያቋርጣሉ። በሲሙሌተር ማረፍን የተለማመድነው ግን ሞምባሳ ላይ ነበር። የሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚያ በ140 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት በ259 ኪሎ ሜትር፣ በደቂቃ ወደ 740 ጫማ ዝቅ እያልን ስንመጣ በጥሩ ሁኔታ እናርፍ ነበር። ቁጥሩን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደድነው።

አንድ ቅዳሜ ቦሌን ሞከርን። ሁሉንም እንደ ሞምባሳው አደረግን። አውሮፕላኑ ግን ከትክክለኛው የመውረጃ መስመር በላይ ሆኖ ቀረ። አፍንጫውን ወደ ታች ስንጫን ፍጥነቱ ጨመረ። በመጨረሻም የማኮብኮቢያው አጋማሽ ላይ ነክተን ከጫፉ አልፈን ሣር ውስጥ ገባን።

ምክንያቱን ለማግኘት የፊዚክስ መጽሐፋችንን መክፈት ነበረብን። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት መለኪያ ደግሞ እንደ መኪና ጎማ አይቆጥርም፤ የሚለካው የሚመጣበትን አየር ግፊት ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ግፊት ለማግኘት አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ስለዚህ መለኪያው 140 ኖት ሲል፣ ነፋስ በሌለበት፣ ቦሌ ላይ መሬቱ ከሥር የሚያልፈው በ157 ኖት ገደማ ነው። ያንኑ መስመር ለመከተልም በደቂቃ 740 ሳይሆን ወደ 830 ጫማ መውረድ ያስፈልጋል። ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን ስላልተማርን ነው የወደቅነው።

የዚያን ቀን ትልቁ ትምህርት ግን ይህ አልነበረም። የፍጥነት መለኪያውን እንድትከታተል የመደብናት የሰባተኛ ክፍል ጓደኛችን ፍጥነቱ ሲጨምር ከሁላችንም ቀድማ አይታ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ስንላት አንገቷን ደፍታ «እናንተ ትልልቆች ስለሆናችሁ የምታውቁ መስሎኝ ነው» አለችን። ማናችንም መልስ አልነበረንም። በየቤታችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ እንዲያዳምጥ ተምረናል፤ «ዝም አይነቅዝም» ሲባልም ሰምተን አድገናል። ደግሞም ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጥያቄ ስትጠይቅ «ቆይ አትረብሺን» ያልናት እኛው ነበርን።

በዓለም የአቪዬሽን ታሪክ ከሁሉ የከፋው አደጋ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለበት። መጋቢት 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) በቴኔሪፍ ደሴት፣ በሎስ ሮዴኦስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው አውሮፕላን ካፒቴን በአየር መንገዱ እጅግ ከተከበሩት አንዱ ነበር። የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣት አለመውጣቱን ጠየቀ። ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ መለሰለት። መሐንዲሱም ከዚያ በላይ አልገፋበትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በሬዲዮ የሚነገሩት ቃላት ይበልጥ ጥብቅ ሆኑ፤ ዛሬ ተቆጣጣሪው «መነሳት» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ፈቃዱን ሲሰጥ ወይም ሲሰርዝ ብቻ ነው። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ናሳ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ የአብራሪዎች የእርስ በርስ ግንኙነት ዋና ጉዳይ ሆነ፤ ከ1981 ጀምሮም አየር መንገዶች ረዳት አብራሪው በአክብሮት ግን በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማሠልጠን ያዙ። በቪዲዮዎቹ የምንሰማው ያ የማያቋርጥ ምልልስ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

እኛም ደንብ አወጣን። አውሮፕላኑ ከማረፊያው በላይ 1,000 ጫማ ሲደርስ ፍጥነቱ፣ አወራረዱና ጎማው የተስተካከሉ መሆን አለባቸው። ካልተስተካከሉ ማንኛውም አባል፣ የስንተኛም ክፍል ተማሪ ቢሆን፣ «ጎ አራውንድ» ይላል። ይህ ማለት ማረፉን ትቶ፣ ኃይል ጨምሮ፣ ዞሮ እንደገና መሞከር ነው። ቃሉ ከተነገረ የሚያበረው ሰው አይከራከርም፤ መጀመሪያ ይነሳል፣ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃል። በእውነተኛ አየር መንገዶችም ዞሮ መመለስ ነውር ሳይሆን የጥሩ አብራሪ ሥራ ነው።

ቪዲዮዎቹን ማየት ለምትፈልጉ ተማሪዎች የምንመክረው ሦስት ጊዜ እንድታዩ ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ተደሰቱበት። ሁለተኛ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደመለሰ አዳምጡ። ሦስተኛ ጊዜ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት አቁሙትና «አሁን ምን ይባላል? ለምን?» ብላችሁ ተጠያየቁ። «ለምን» የሚለውን ያልመለሳችሁት ሁሉ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ መምህራችሁን ለመጠየቅ ጥሩ ምክንያት ነው።

ለወላጆቻችንም እውነቱን እንንገር። ቪዲዮ ማየት አብራሪ አያደርግም። የሚታየው ተቆራርጦና ተመርጦ የቀረበ ነው፤ የሌሊት ድካሙን፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ኃላፊነት አያሳይም። ሙያው ረጅም ሥልጠናና ጤና ይጠይቃል። ከእኛ ውስጥ አብራሪ የሚሆን ይኖር ይሆናል፤ የማይሆነው ይበዛል።

ባለፈው ወር ግን ቦሌን እንደገና ሞክረን ነበር። የሚያበረው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ሺህ ጫማ ላይ ስንደርስ ፍጥነታችን አሥር ኖት በዝቷል። ያቺው የሰባተኛ ክፍል ጓደኛችን በለሰለሰ ድምፅ «ጎ አራውንድ» አለች። ዞርን። በሁለተኛው ሙከራ አረፍን። ያበረውም ከወንበሩ ተነስቶ «አመሰግናለሁ፤ አሁን አንቺ ተቀመጪ» አላት።