የነጋዴ ልጅ በቆንስላው ሹም ፊት

ሰሊጥ ወይም ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ፥ ኢንቮይሱና የጭነቱ ሰነድ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ባንኩ ክፍያውን ሊያግድበት እንደሚችል ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ወንድ ወይም ሴት ልጁን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚልክ አባትም የሚገጥመው ፈተና ከዚህ የራቀ አይደለም።

በ1952 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፥ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ በዚያው ሊቀር እንዳሰበ ይቈጠራል። ስለዚህ የቆንስላው ሹም የሚጠራጠረው ተማሪውን በመጥላት ሳይሆን ሕጉ ስለሚያዘው ነው። የሚመረምራቸውም ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ወጣቱ በእውነት ለመማር የሚሄድ መሆኑን፥ ወጪውን የሚችልለት መኖሩን፥ ትምህርቱንም ሲፈጽም ወደ አገሩ የሚመለስ መሆኑን ነው።

አባትን በተለይ የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። ትምህርት ቤቱ የሚልከው አይ 20 የተባለው ወረቀት የትምህርቱንና የኑሮውን ወጪ በአኃዝ ይገልጣል። አንዳንድ ነጋዴ ቀጠሮው ሲቃረብ ከወዳጅ ተበድሮ በባንክ ሒሳቡ ብዙ ገንዘብ ያስገባል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ገቢ ግን ጥርጣሬን ያበዛል እንጂ አያስወግድም። ከዚህ የሚብሰው፥ ለግብር በቀረበው ሒሳብ ጥቂት ትርፍ አሳይቶ ለቆንስላው ትልቅ ሀብት ማሳየት ነው። በገቢዎች ፊት ትንሽ፥ በቆንስላው ፊት ትልቅ የሆነ ንግድ ማንንም አያሳምንም። የንግድ ፈቃዱ፥ የግብር ደረሰኙና የብዙ ወራት የባንክ መግለጫው እርስ በርሳቸው ሊስማሙ ይገባል።

ወረቀቱ ቢሟላም መልስ የሚሰጠው ልጁ ራሱ ነው። ጥያቄና መልሱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም፤ ሰነዱ ሳይታይ ሊፈጸምም ይችላል። ስለዚህ ልጁ የአባቱ ንግድ ምን እንደ ሆነ፥ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፥ ይህን ትምህርት ስለ ምን እንደ መረጠና ሲመለስ በምን ሥራ እንደሚሰማራ በገዛ አንደበቱ በአጭሩ ማስረዳት አለበት። በቃል የተጠና ንግግር አይረዳውም። የመደብሩን ሥራ ከቶ ያላየ ልጅ፥ ተመልሼ አባቴን አግዛለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ቪዛው ቢከለከል፥ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 185 ዶላር የሆነው የማመልከቻ ገንዘብ አይመለስም፤ በዚህ ምክንያት ለተከለከለ ሰው ይግባኝም የለውም። ሆኖም እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይቻላል። የሐሰት ሰነድ ያቀረበ ግን ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል።

እንግዲህ ነጋዴ የሆነ አባት ከቀጠሮው ብዙ ወራት አስቀድሞ የሒሳብ መዝገቡን ያስተካክል፤ ልጁንም ከአጠገቡ አስቀምጦ ያንኑ መዝገብ ያሳየው።