የማይጻፈው ድምፅ፦ የቋንቋ ትምህርትና ኮምፒዩተር በወለጋ ከተሞች

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነቀምት ውስጥ የአማርኛ ንባብ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «እንግዳ ከመጣ በጉ ይበላል» የሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። በአፋን ኦሮሞ አፏን የፈታች አንዲት ተማሪ ተነሥታ አነበበች። ‹ይበላል› የሚለውን ቃል አላልታ በማንበቧ፣ ለእንግዳው የሚታረደው በግ ራሱ በላተኛ ሆኖ ተገኘ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አማርኛ የለመዱ ጓደኞቿ ሳቁ። ተማሪዋ ግን አልተቀመጠችም። «መምህር፣ ፊደሉ እኮ አንድ ነው፤ ጠብቆ እንደሚነበብ በምን ልወቅ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሳቁ ቆመ። እኔም ከ«ልምድ ነው» በቀር የምመልሰው አጣሁ። ልምድ ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ መልስ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ስለ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በቋንቋ ትምህርት ውስጥ ስለሚኖራቸው ቦታ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የመሣሪያው ብዛትና የመረጃው ስፋት ነው። እኔ ለማሳየት የምሞክረው ከዚህ የጠበበ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በወለጋ ከተሞች ለምናስተምር ሰዎች የኮምፒዩተር ዋና ጥቅም ጽሑፍን ማብዛቱ ሳይሆን ጽሑፍን ከድምፅ ጋር ማስተሳሰሩ መሆኑን ነው።

2. የውጭ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ቋንቋና የወለጋ ተማሪ

በቋንቋ ትምህርት መስክ የውጭ ቋንቋና ሁለተኛ ቋንቋ ተለይተው ይታያሉ። የውጭ ቋንቋ የሚባለው ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የማያገኘው ነው። ሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ አፍ መፍቻው ባይሆንም በዙሪያው የሚነገረው፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚሰማው ነው። በዚህ መለኪያ እንግሊዝኛ ለተማሪዎቻችን የውጭ ቋንቋ፣ አማርኛ ደግሞ በሌላ ቋንቋ አፉን ለፈታ ኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ቋንቋ ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ ይህ ክፍፍል በወለጋ እንደየቦታው ይለዋወጣል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ነቀምት የሚያድግ ልጅ አማርኛን በመናኸሪያ፣ በሱቅና በቴሌቪዥን ይሰማል። ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ ወጣ ባለ ቀበሌ ላደገ ልጅ ግን አማርኛ ከመጽሐፍ የማይወጣ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ ልጁ በአፋን ኦሮሞ ይማራል። አማርኛና እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጡታል። በመሆኑም ለዚህ ልጅ አማርኛ በስሙ ሁለተኛ ቋንቋ ቢባልም በተግባር ወደ ውጭ ቋንቋነት ይጠጋል። ሁለቱም ቋንቋዎች በጽሑፍ ይደርሱታል፤ በድምፅ ግን እምብዛም አይደርሱትም።

3. ችግሩ ከጆሮ ነው ወይስ ከፊደል?

የወለጋ ተማሪ አማርኛ ሲያነብ የሚገጥመውን ችግር ሁሉ «የአነጋገር ዘዬ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ አስተውያለሁ።

የመጀመሪያው በእርግጥ የጆሮ ችግር ነው። የአፋን ኦሮሞ አናባቢዎች አምስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አጭርና ረጅም ሆነው ይነገራሉ። የአማርኛ አናባቢዎች ደግሞ ሰባት ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የ‹ኧ› እና የ‹እ› ድምፆች ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አዲስ ናቸው። ጆሮው ከለመዳቸው ድምፆች ወደ አንዱ ሊያስጠጋቸው ይገደዳል። ችግሩ በተገላቢጦሹም አለ። አማርኛ ተናጋሪ አፋን ኦሮሞ ሲማር የአናባቢን መርዘምና ማጠር አይለይም፤ በዚህም የተነሣ «ምድር» የሚለውንና «ለስላሳ» የሚለውን ቃል ያምታታል። የ‹ዸ› ድምፅም ያስቸግረዋል።

ሁለተኛው ችግር ግን ከጆሮ አይደለም። ጥብቀትና ላላት በአፋን ኦሮሞም ትርጉም ይለያሉ። አንድ ቃል ‹ደ› ላልቶ ሲነገር «መጥፎ»፣ ጠብቆ ሲነገር «ደጋ» ይሆናል። የወለጋ ልጅ ይህን ልዩነት ከእናቱ ጉያ ጀምሮ ያውቀዋል። ከዚያም አልፎ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቁቤ የሚጠብቀውን ተናባቢ በሁለት ሆሄ ስለሚጽፍ ተማሪው ጥብቀትን በዓይኑ ማየት ለምዷል። አማርኛ ሲያነብ የሚደናቀፈው ፊደላችን ያን ስለማያሳየው ነው። ‹ገና›፣ ‹ዋና›፣ ‹ሰፊ›፣ ‹አለ›፣ ‹ይመታል›፣ ‹ይሰማል› የሚሉት ቃላት ሁሉ በአንድ አጻጻፍ ሁለት ንባብ አላቸው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው የሚያነበው ፊደሉን ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ ጭምር ነው። ተማሪዬ የጠየቀችው ጥያቄ እንግዲህ ያለማወቅ አልነበረም፤ የጽሕፈት ሥርዓታችንን ጉድለት በትክክል የነካ ነበር።

ጉዳዩ ለነቀምት አዲስ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ያዘጋጀው የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፤ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል ናቸው። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት መጥቶ አስተምሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ የላቲኑ ፊደል ለአፋን ኦሮሞ ሲመረጥ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የግዕዙ ፊደል ጥብቀትንና የአናባቢን ርዝመት ለይቶ አለማሳየቱ ነበር።

4. መሣሪያዎቹና ልማዳቸው

ቋንቋን በመሣሪያ ማስተማር በኮምፒዩተር አልተጀመረም። ሸክላና ቴፕ፣ ቀጥሎም ጆሮ ማዳመጫ የተደረደረበት የቋንቋ ላቦራቶሪ ቀድመውታል። ኮምፒዩተርን ለማስተማሪያነት በማዋል ቀደምት ከሆኑት አንዱ በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረው ፕሌቶ የተባለው ሥርዓት ነው፤ በኋላም ቋንቋዎች ተምረውበታል።

በአገራችን ብዙዎቻችን በቅርብ ያየነው መሣሪያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሠራጨው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ነው። ያን ጊዜ አዲስ መምህር ነበርሁ። በአንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ ከኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ድምፁ የጠራ፣ ሥዕሉ ያማረ ነበር። ነገር ግን ሥርጭቱ አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ጥያቄውን ሰምቶ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ከዚህ የተማርሁት ነገር ቢኖር ለቋንቋ ተማሪ የመሣሪያው ዋና መለኪያ ውበቱ ሳይሆን «እንደገና» ሲባል መታዘዙ መሆኑን ነው።

5. ኮምፒዩተር ምን ይጨምራል?

ኮምፒዩተር፣ ዛሬም በየተማሪው ኪስ ያለው ስልክ፣ ለዚህ «እንደገና» ለሚል ጥያቄ የሚመች መሣሪያ ነው። በክፍሌ የሞከርሁትን አሠራር በሦስት ደረጃ ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማዳመጥ። በጥብቀት ብቻ የሚለያዩ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርጌ በወንድና በሴት ድምፅ ቀዳሁ። ቃሉ ብቻውን፣ ቀጥሎም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰማል። ቅጂዎቹ ትንንሽ በመሆናቸው በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። ተማሪው በመኝታ ክፍሉ ሃያ ጊዜ ቢያዳምጣቸው መሣሪያው አይሰለችም፤ አይስቅም።

ሁለተኛ፣ ማየት። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ጳውል ቦርስማና ዳቪድ ዌኒንክ የሠሩት ፕራት የተባለ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን የንግግርን ድምፅ በሥዕል ያሳያል። ‹ይመታል› የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ተቀድቶ ሲታይ፣ ከ‹ታ› በፊት ምላስ አየሩን የሚያግድበት ጊዜ በሥዕሉ ላይ እንደ ክፍተት ሆኖ ይወጣል። ቃሉ ሲጠብቅ ክፍተቱ በግልጽ ይረዝማል። ጥብቀት «ኃይለኛ አነጋገር» ሳይሆን የጊዜ ርዝመት መሆኑን ተማሪው በዓይኑ ያረጋግጣል። ከዚያም የራሱን ድምፅ ቀድቶ ያስተያያል።

ሦስተኛ፣ መጻፍ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት ላይ ነጥብ አኑረው እንደነበር የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ያውቃል። ልማዱ አልተስፋፋም። ኮምፒዩተር ግን መንገዱን ዳግመኛ ከፍቶታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው የጥብቀት ምልክት ተጨመረ። በዚህ ምልክት የዚያች ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል «ይበ፟ላ፟ል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ምልክቱ ለጋዜጣና ለደብዳቤ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለጀማሪ የንባብ መጽሐፍ ግን ምርኩዝ ነው። ተማሪው ሲጠነክር ምርኩዙን ይጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል ይገባል። የአማርኛን ጽሑፍ ተቀብሎ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎችም የሚገጥማቸው ጥያቄ ያው የተማሪዬ ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ ጠብቆ የሚነበበውን በምን ይወቅ? ከዐውዱ መገመት አለበት። «እንግዳ ከመጣ» የሚለው ሐረግ በጉ እንደሚታረድ ፍንጭ የሚሰጠው የአገሩን ወግ ለሚያውቅ ነው። ተማሪዋ የተሳቀባት እንግዲህ ማሽንንም በሚያስቸግር ነገር ነው።

6. ኢንተርኔት፦ ጥቅሙና ወሰኑ

ኢንተርኔት ለእንግሊዝኛ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። በዝግታ የሚነገር ዜና፣ ከጽሑፉ ጋር የቀረበ ታሪክ፣ ለየደረጃው የተዘጋጀ መልመጃ ያገኝበታል። አማርኛ ለሚማረው ግን የሚያገኘው በአብዛኛው ለአፍ ፈቺዎች የተሠራ ዜናና ድራማ ነው፤ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀው ጥቂት ነው። የጉግል መተርጐሚያ አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2022 አካቷል። ይህም ተማሪው የቃልን ፍቺ ፈጥኖ እንዲያገኝ ረድቶታል። ይሁንና ፍቺ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን በአፍ ማዋል ሌላ ነው። በማሽን ተርጉሞ ያማረ ድርሰት የሚያስረክበኝ ተማሪ ያንኑ ድርሰት አንብብ ስለው ሲንተባተብ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ወሰን የመስመሩ ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ተቋርጦ ነበር። በመጋቢት ወር ደግሞ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የመሠረተ መምህር በዚያን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ፤ በስልኩ ውስጥ ቅጂ የነበረው ተማሪ ግን ያዳምጥ ነበር። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ማውረጃ እንጂ ማስቀመጫ ሊሆን አይገባውም እላለሁ። የመማሪያው ድምፅ መብራት በመጣ ጊዜ ኃይል በሚሞላ ስልክ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

7. ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር መምህርን አይተካም። የተማሪውን ስሕተት ምክንያት ለይቶ፣ ይህ ከጆሮ ነው፣ ይህ ከፊደል ነው የሚለው መምህሩ ነው። ክፍሉ ሲስቅ የሚያስቆመውም እሱ ነው። መሣሪያው ግን መምህሩ ብቻውን የማይችለውን ያደርጋል፤ አንድን ድምፅ ሳይሰለች ደጋግሞ ያሰማል፣ ፊደሉ የደበቀውንም ያሳያል።

ለዚህ የሚያስፈልገን ጥሬ ዕቃ በእጃችን አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ጥብቀቱ በነጥብ ተመልክቶ ተጽፏል፤ ወጋየሁ ንጋቱም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። አንድ ሥራ በፊደልም በድምፅም ተሟልቶ ሲገኝ ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የንባብ መማሪያ የት ይገኛል? የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የተመረጡ ምንባቦችን በጥብቀት ምልክት ጽፈው፣ በጥሩ አንባቢ አስቀድተው፣ ለወለጋ ትምህርት ቤቶች በነጻ ቢያድሉ ሥራው ከፍተኛ ገንዘብ አይጠይቅም። የአፋን ኦሮሞ ባልደረቦቻችንም ለአማርኛ ተናጋሪዎች ተመሳሳዩን ቢያዘጋጁ ትምህርቱ የሁለት ወገን ይሆናል።

ያችን ዐረፍተ ነገር ዛሬም ለአዲስ ተማሪዎች እጽፋታለሁ። አሁን ግን አስቀድሜ ሁለቱንም ንባቦች ከቅጂው አሰማቸዋለሁ፤ በየትኛው ንባብ በጉ እንደሚተርፍ ራሳቸው ይነግሩኛል። ክፍሉ አሁንም ይስቃል። የሚስቀው ግን በበጉ ነው።