ስለ ፈንግል፤ በቀቀንንና ዶሮን በአንድነት ስለሚያጠቃው በሽታ

ፈንግል በገጠር ሰው ዘንድ የታወቀው የዶሮ በሽታ ሆኖ ነው። ነገር ግን ዶሮን ብቻ የሚይዝ አይደለም፤ ርግብንና ሌላውን ወፍ፣ በቤት ውስጥ ለደስታ የሚጠበቀውንም በቀቀን ጭምር ይይዛል። የበሽታው ምክንያት ቫይረስ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ኒውካስል ይሉታል፤ ስሙም የወጣለት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዚህ ስም በሚጠራው ከተማ አጠገብ ስለ ታየ ነው። በዚያው ዓመት በጃዋ ደሴትም ታይቷል።

ተሐዋሲው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከ2 እስከ 15 ቀን ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን 5 ወይም 6 ቀን ነው። ኃይለኛው ዓይነት ሆድንም አንጎልንም ያጠቃል። ዶሮዋ መብል ትተዋለች፣ ላባዋን አንጨፍርራ በአንድ ስፍራ ትቆማለች፣ አረንጓዴ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዛታል። ቀጥሎም አንገቷ ይጣመማል፣ ክንፏና እግሯ አልታዘዝ ይላታል። የሞተችው ብትከፈት በጨጓራዋ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደም ይገኛል። ክትባት ባላገኘ መንጋ ውስጥ በጥቂት ቀን ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል፤ ከያዘ በኋላ የሚፈውስ መድኃኒትም የለም።

በበቀቀን ላይ ግን ነገሩ የተለየ መልክ አለው። አንዳንዱ እንደ ዶሮ ይሞታል፤ አንዳንዱ ደኅና መስሎ እየበላና እየጮኸ፣ ተሐዋሲውን ከአንድ ዓመት በላይ በኩሱ ሲያወጣ ይኖራል። በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ደቡብ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ለንግድ ከውጭ አገር የገቡ በቀቀኖችና ሌሎች የጎጆ ወፎች በሽታውን አምጥተው ወደ ዶሮ እርባታ አጋቡት። በ1974 ዓ.ም. እስኪጠፋ ድረስ 12 ሚሊዮን የሚያህል ወፍ፣ አብዛኛው ዶሮ፣ ተገደለ፤ ወጪውም 56 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ለጌጥ የተገዛ ወፍ ይህን ያህል ጥፋት ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሆኖም የከሳና የሚንገዳገድ በቀቀን ሁሉ ፈንግል ይዞታል ማለት አይደለም። የበላውን እህል ሳይፈጭ እንዲያስወጣ የሚያደርግ፣ ጨጓራውን የሚያሰፋና ነርቩን የሚጎዳ ሌላ በሽታ አለ፤ የዚህም ቫይረስ የታወቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ በዓይን ግምት አይደለም።

በኢትዮጵያ በቀቀን በቤት የሚያሳድግ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ደኅና መስላ በሽታውን የምታዞረው ራሷ ዶሮ ናት። ባለቤቲቱ አንዲት ዶሮ ሞታ ባገኘች ጊዜ የቀሩት ሳይሞቱባት ለመሸጥ ወደ ገበያ ትወስዳለች። የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ የጨው፣ የዘይትና የልጆች ደብተር መግዣ ስለ ሆነ ሊፈረድባት አይገባም። ግን የተሸጠችው ዶሮ በአምስተኛው ቀን በሌላ ሰው ግቢ ትታመማለች፤ ከአንድ ገበያም ብዙ መንደር ይነካል። ለፋሲካ ብዙ ዶሮ ተገዝቶ ከተሸጠ በኋላ ክረምቱ ሲቃረብ በሽታው መበርታቱ ይህን ያስረዳል።

ስለዚህ የወረዳ ሹም ሻጪቱን በመቅጣት የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ሰው ቅጣት ከፈራ በሽታውን ይሸሽጋል። የመጀመሪያው ሞት በተሰማበት ቀን ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ፣ በዚያ መንደር ያለው ዶሮ ለጊዜው ከገበያ እንዲቀር ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ ማስከተብ ይበልጣል። በቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የፈንግልን ክትባት ያዘጋጃል። ከክትባቶቹም ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ጥቂት የተማረ የመንደር ሰው ሊያደርሰው ይችላል፤ በየ4 ወሩም ይደገማል። ከግንቦት በፊት የሚሰጠው እንዳይታለፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የታመመችውን መከተብ ግን አያድናትም።

የሞተውን ዶሮ ለውሻ መጣል ወይም ወደ ወንዝ መወርወር ክፉ ልማድ ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በሽተኛ ዶሮ የያዘ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ቢነካ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይድናል።