ግመልና መርስ፦ በሽታው ከእንስሳ ወደ ሰው እንዴት ይሻገራል?

ግመል ለአፋሩ፣ ለሶማሌውና ለከረዩው ወተቱም፣ መጓጓዣውም፣ ሀብቱም ነው። ከምሥራቅ አፍሪካም በየዓመቱ ብዙ ግመል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይሸጣል። ለሐጅና ለዑምራ ወይም ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ዘመድ የሌለው ቤተሰብም ጥቂት ነው። ስለዚህ መርስ ስለተባለው የሳምባ በሽታ ማወቅ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በሽታው በሳዑዲ ዐረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅዳ ከተማ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በ27 አገሮች ከ2600 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ የተገኙት በዚያው በሳዑዲ ነው። ከተመዘገቡት ከመቶ 36 ያህሉ ሞተዋል። ሕመሙ የቀለላቸው ሰዎች ሳይመረመሩ ስለሚቀሩ ግን እውነተኛው የሞት መጠን ከዚህ ሊያንስ ይችላል።

ታዲያ ቫይረሱ ከየት መጣ? መርስ ኮሮና ከሚባሉት ቫይረሶች አንዱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በ2002 በደቡብ ቻይና የተነሣው ሳርስ መነሻው የሌሊት ወፍ ሲሆን፣ በገበያ ይሸጥ የነበረ አንድ የጥርኝ ዘመድ ወደ ሰው አሸጋግሮታል። የኮቪድ ቫይረስ የቅርብ ዘመዶችም በሌሊት ወፍ ላይ ተገኝተዋል፤ አሸጋጋሪው እንስሳ ግን እስካሁን በእርግጠኝነት አልተለየም። የመርስም የጥንት ዘር ከሌሊት ወፍ እንደመጣ ይታመናል፤ የዛሬ ማደሪያው ግን ግመል ነው።

በ1983 በሶማሊያና በሱዳን ከግመሎች ተወስዶ የተቀመጠ ደም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመረመር የቫይረሱ አሻራ ተገኝቶበታል። ሰው ስሙን ሳያውቀው ወደ 30 ዓመት ያህል በግመሎች መካከል ሲዘዋወር ኖሯል ማለት ነው። በኢትዮጵያም ከተመረመሩት ግመሎች ከመቶ 90 የሚበልጡት ቀድሞ ይዟቸው እንደነበር ደማቸው አሳይቷል።

ግመሉ ግን ብዙም አይታመምም። ቫይረሱ ወደ አካል የሚገባበት በር በግመል አፍንጫ ውስጥ ስለሚገኝ ንፍጥ ብቻ ያስከትልበታል። በሰው ላይ ይህ በር የሚበዛው በሳምባ ጥልቅ ክፍል ነው። ሰው በቀላሉ የማይያዘው፣ ከተያዘም ጽኑ የሳምባ ምች የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በሆስፒታል ውስጥ ነው። በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ ኮሪያ የተመለሰ አንድ መንገደኛ ባስነሣው ወረርሽኝ 186 ሰዎች ታመዋል።

ምን እናድርግ? የግመል ወተት አፍልተን፣ ሥጋውን በሚገባ አብስለን እንጠቀም። ጥሬ ወተትና የግመል ሽንት ከመጠጣት እንቆጠብ። ግመል የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። አረጋውያን፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የቆየ የሳምባ በሽታ ያለባቸው ወገኖቻችን ከግመል በረትና ገበያ ይራቁ። ከዐረብ አገር በተመለሰ በ14 ቀን ውስጥ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ ከየት እንደመጣና ግመል አጠገብ እንደነበር ሳይደብቅ ይናገር፤ ይህ አንድ ቃል ሐኪሙንም ቤተሰቡንም ሊያድን ይችላል።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።