ዘውዱ፣ ጀርባውና ባለቤቱ፦ አሮጌ ወታደራዊ ዓርማዎች እንዴት ይለያሉ?

አንድ ወታደር በኮፍያው፣ በኮሌታው ወይም በትከሻው ላይ የሚያደርገው ትንሽ ምልክት የየትኛው ሠራዊትና የየትኛው ክፍል አባል እንደሆነ፣ ማዕረጉም ምን እንደሆነ በሩቁ እንዲያሳውቅ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላም ማንበብ ለሚችል ሰው ያንኑ ይናገራል። ንባቡ ግን ብዙዎች እንደሚያደርጉት ዓይን ከሚስበው ዋና ሥዕል ባይጀምር ይመረጣል፤ አንበሳው፣ ንስሩ ወይም ጎራዴው ለመቶ ዓመት ሳይለወጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘመንን ይበልጥ የሚገልጡት ከመንግሥት ጋር አብረው የሚለወጡት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው።

ለዚህ የብሪታንያ ሠራዊት ዓርማዎች ግልጽ ምሳሌ ይሰጣሉ። ከ1901 እስከ 1952 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ በነገሡት ወንዶች ነገሥታት ዘመን በዓርማዎቹ ላይ የሚቀረጸው ቅስቶቹ እንደ ጉልላት የከበቡት፣ የቱዶር ዘውድ የሚባለው ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ስትነግሥ ግን ቅስቶቹ መካከላቸው ላይ ዝቅ የሚሉት የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ ተተካ፤ ሰብሳቢዎችም ሁለቱን የንጉሥ ዘውድና የንግሥት ዘውድ እያሉ ይለዩአቸዋል። ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ በ2022 የቱዶሩን ቅርጽ እንደገና ስለመረጡ፣ ዘውዱን ብቻ አይቶ ዕድሜ መቁጠር ከእንግዲህ አያስተማምንም።

ቁጥርና ስምም እንዲሁ የዘመን ምስክሮች ናቸው። በ1868 በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዝማችነት ወደ መቅደላ ከዘመቱት እግረኞች መካከል 4ኛው፣ 33ኛውና 45ኛው ሬጅመንቶች ይገኙ ነበር፤ ሬጅመንት ማለት የራሱ ስም፣ ወግና ዓርማ ያለው የሠራዊት ክፍል ነው። የተራ ወታደሮች የልብስ ቁልፎች የሬጅመንታቸውን ቁጥር ይይዙ የነበረው እስከ 1871 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የዘውዱ መንግሥት ዓርማ ያለበት አንድ ዓይነት ቁልፍ ተተካ፤ በ1881 በተደረገው ታላቅ ማሻሻያም ቁጥሮቹ ቀርተው ሬጅመንቶቹ በየአውራጃቸው ስም መጠራት ጀመሩ። ስለዚህ 33 የሚል ቁጥር ያለበት የተራ ወታደር ቁልፍ ቢገኝ ቢያንስ በዘመኑ ከመቅደላው ዘመቻ ጋር ይስማማል፤ በእርግጥ እዚያ ዘምቶ እንደነበር የሚያረጋግጠው ግን የተገኘበት ቦታ እንጂ ቁጥሩ ብቻ አይደለም።

ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ይልቅ እውነቱን የሚያወጣው ጀርባው ነው። ስስ ናስ በሁለት የብረት ቅርጾች መካከል በኃይል ተጨፍልቆ የተሠራ ዓርማ ፊቱ ላይ ያበጠው ሁሉ ጀርባው ላይ ጎድጉዶ ይታያል፤ ኦሪጅናሉን ገልብጦ በቀለጠ ብረት የተሠራ ሐሰተኛ ግን ጀርባው ድፍን፣ ጠርዞቹ የደበዘዙ፣ ገጹም በአየር አረፋ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተነደፈ ይሆናል። ማያያዣውም ይመረመራል፤ ቀደምት የኮፍያ ዓርማዎች ሽቦ የሚያልፍባቸው ሁለት ቀለበቶች ሲኖሯቸው፣ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ግን ወደ ኮፍያው የሚሸጎጥ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ተለመደ። ጦርነት የሚፈጥረው እጥረትም አሻራውን ይተዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሁለት ዓይነት ብረት ይሠሩ የነበሩ ዓርማዎች ኒኬል ለመቆጠብ ከናስ ብቻ ተሠሩ፤ በሁለተኛውም ፕላስቲክ ገባ። ርካሽ መስሎ የሚናቀው የፕላስቲክ ዓርማ እንግዲህ እውነተኛ የጦርነት ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል። ዓርማን እስኪያብረቀርቅ መወልወል ግን ይህን ሁሉ ማስረጃ የሚያጠፋ ጉዳት ስለሆነ ከሁሉም በላይ ሊወገድ ይገባል።

በኢትዮጵያም ዘውዱ ያው አገልግሎት አለው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የይሁዳ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ ጫፉ መስቀል የሆነ በትር ይዞ ይታይ ነበር፤ ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ዘውዱ ወረደ፣ መስቀሉም በጦር ጫፍ ተተካ፤ ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ከመንግሥቱ ዓርማ ወጣ። ዘውድ የሌለው አንበሳ ያለበት ምልክት ያን አጭር ሽግግር ሊያመለክት ይችላል፤ ሆኖም ዘውዱ በኋላ ተሞርዶ የተነሣ አለመሆኑ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

የውጭ አገር ምልክት ደግሞ ኢትዮጵያዊ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲሆን፣ የዚህ ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ላይ ያረፈ፣ ቀጥ ያለና የተገለበጠ ሁለት የሰባት ቁጥር ተገናኝተው የፈጠሩት ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው። በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ይህ ጨርቅ ቢገኝ ከገበያ የተገዛ የባዕድ ዕቃ ነው ብሎ መጣል ታላቅ ጥፋት ነው፤ የዘማቹን ስም፣ የዘመተበትን ዙርና ዓርማው ከማን እጅ እንደመጣ በወረቀት ጽፎ ከጨርቁ ጋር ማኖር ይገባል። ብሪታንያ ለመቅደላ ዘማቾች በሰጠችው ሜዳይ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱ ተሸላሚ ስም በብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ የኮፍያና የትከሻ ዓርማዎች ግን አብዛኞቹ የባለቤታቸውን ስም አይዙም።